ሁለት ኢንች ከፍ ላለ ሃይሉክስ የትኛው ጎማ ይሻላል?

መኪናው ከጎሚስታው ግቢ ሲወጣ ዓይን ይስብ ነበር። ሁለት ኢንች ከፍ ያለ ሃይሉክስ ቪጎ፣ ከሥሩ አዳዲስ 285/70/17 ጎማዎች። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ አዞርኩ። ወደ ግራም አዞርኩ። ምንም አልነካም። ጎሚስታው «አላልኩህም?» ብሎ እጁን በጨርቅ ጠረገ። እኔም ደስ ብሎኝ ከፈልኩ።

በሦስተኛው ቀን ኮረኮንች ላይ ወደ ግራ ስታጠፍ የቀኙ የፊት ጎማ ጉድጓድ ገብቶ ወጣ። ከሥር «ግርርር» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወርጄ ሳይ የጭቃ መከላከያው ላስቲክ ተቦጭቆ ተንጠልጥሏል። ከፓራፋንጎው ውስጥ ያለው ፕላስቲክ አይጥ የበላው መስሏል። መኪናውን ከፍ ያስደረግኩት፣ ማለትም ሊፍት ያሠራሁት፣ እኮ ይህ እንዳይሆን ነበር።

ለሃይሉክስ ተለቅ ያለ ጎማ የሚፈልግ ሰው ሲጠይቀኝ ወሬዬን ሁሌም ከዚህች ቀን እጀምራለሁ። ምክንያቱም ስህተቱ የጎማው አልነበረም። የእኔ አለካክ ነበር።

ሊፍት መኪናው ቆሞ ሳለ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለውን ቦታ ያሰፋል። ሞላው እስከ መጨረሻው ሲጨመቅ ግን ጎማው የሚደርሰው ድሮ ይደርስበት የነበረው ቦታ ድረስ ነው። ያንን ቦታ የሚወስነው ማቆሚያው ጎሚኒ ነው። ጎሚኒው ካልተቀየረ፣ ሞላው ሁለት ኢንች ይርዘም ሦስት፣ ጎማው ሲጨመቅ ያው ፕላስቲኩ ዘንድ ይደርሳል። መሪ ዞሮ ሲጨመቅ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ጋራዥ ግቢ ውስጥ፣ ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ መሪ አዙሮ «አይነካም» ማለት ምንም አይነግራችሁም።

ሌላም ሰው የሚስተው ነገር አለ። የሃይሉክስ የኋላ አክስል ድፍን ነው፣ በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ። ሊፍት ካቢኑንና ካሶኒውን፣ ማለትም የኋላውን የጭነት ሳጥን፣ ያነሳል እንጂ ዲፈረንሻሉን ከመሬት አንዲት ሚሊ ሜትር አያነሳውም። ድንጋይ የሚመታው ደግሞ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ዲፈረንሻሉን የሚያነሳው ጎማ ብቻ ነው፤ እሱም የቁመቱን ጭማሪ ግማሽ ያህል።

እዚህ ላይ ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። 265/65/17 ማለት ስፋቱ 265 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ፣ ቸርኬው 17 ኢንች ነው። 17 ኢንች 432 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 265ን በ0.65 አባዙት፣ ሁለት ጎን ስላለው እጥፍ አድርጉት፣ 432 ጨምሩበት። 776 ሚሊ ሜትር ይመጣል። የብዙ ሃይሉክሶች የፋብሪካ ጎማ ይህ ነው። የእናንተን ለማወቅ የሾፌሩን በር ክፈቱና ምሰሶው ላይ ያለውን ተለጣፊ ወረቀት እዩ።

በዚሁ ስሌት 265/70/17 ቁመቱ 803 ሚሊ ሜትር ነው። 285/70/17 ደግሞ 831። ሰው «ሠላሳ ሦስት» እያለ የሚጠራው ይህን ነው፣ ሲለካ ግን 32.7 ኢንች ነው። የድሮው ባለ ካላማዳሪ ሰባት ሃምሳ፣ ማለትም 7.50-16፣ 805 አካባቢ ነው፤ እንደ ፋብሪካው ትንሽ ይለያያል። እንግዲህ ዲፈረንሻላችሁ ከመሬት የሚርቀው በ265/70 በ13 ሚሊ ሜትር፣ በ285/70 በ27 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ትንሽ አይደለም። ግን ለእሱ ምን እንደምትከፍሉ ማወቅ አለባችሁ።

ዋጋውን መጀመሪያ የሚከፍለው ሞተሩ ነው። ጎማ ሲተልቅ ማርሹ ሁሉ እንደረዘመ ቁጠሩት። በ285/70 መሬት ላይ የሚደርሰው ጉልበት ከ6 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል። ይህ ቁጥር ባሕር ዳርቻ ላይ ለሚኖር ሰው ምንም ላይመስለው ይችላል። ለእኛ ግን ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሳነቴ አምባ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ስትሆኑ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። ቱርቦ ያለው ሞተር የጎደለውን በከፊል ያካክሳል። ቱርቦ የሌለው 5ኤል ግን፣ ያ ብዙዎቻችን የምናውቀው 3 ሊትር ናፍጣ፣ እንኳን ትልቅ ጎማ ተጨምሮበት እንዲሁም ዳገት ላይ ያቃስታል። 5ኤል ካላችሁ 285ን እርሱት። እዚሁ ላይ ይብቃ።

ባለ 2.5 ሊትሩ 2ኬዲም፣ በተለይ ኢንተርኩለር (የቱርቦውን አየር ማቀዝቀዣ) የሌለውና 102 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ብዙ አይሻልም። በሁለተኛ ትወጡት የነበረውን ዳገት በአንደኛ መውጣት ትጀምራላችሁ። ከቆመበት ዳገት ላይ ስትነሱ ፍሪሲዮኑን የምታሻሹበት ጊዜ ይረዝማል። ጭስ ትሸታላችሁ፣ ከዚያ የፍሪሲዮን ሰሌዳ ትገዛላችሁ። 3 ሊትሩ 1ኬዲና ከቪጎ ቀጥሎ የመጣው የሪቮው 2.8 ሊትር 1ጂዲ ይችሉታል። ቢሆንም መቻል ሌላ፣ አለማስተዋል ሌላ። እኔ 1ኬዲ ነው ያለኝ፤ ልዩነቱን በመጀመሪያው ቀን አስተውዬዋለሁ።

ቁልቁለቱንም አስቡት። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ሞተሩ በማርሽ መኪናውን ይዞ ፍጥነቱን የሚቀንስበት አቅም በዚያው ከ6 እስከ 7 በመቶ ያንሳል። ጎማው ራሱም ይከብዳል። የፋብሪካው ጎማ ከ16 እስከ 18 ኪሎ ገደማ ሲሆን ባለ 10 ፕላይ (ጎኑ የተጠናከረ የጭነት ጎማ) 285/70/17 ደግሞ 25 ኪሎ ይጠጋል። ያንን እየተሽከረከረ ያለ ክብደት የሚያስቆሙት ያው የድሮዎቹ ፍሬኖች ናቸው። ካሶኒው ላይ አሥር ኩንታል ጭኖ ለሚወርድ ሰው ይህ የቀልድ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ምርጫዎቹ።

የመጀመሪያው ምርጫ ምንም አለመተለቅ ነው። 265/65/17ን ትታችሁ ጥርሱን ብቻ መቀየር። ይህን ስል ብዙ ሰው ፊቱን ያጠቁራል፣ ምክንያቱም ሊፍት ያስደረገው እንዲታይለት ነው። ግን አብዛኛው «መኪናዬ ጭቃ አይወጣም» የሚል ሰው ችግሩ የጎማ ቁመት አይደለም። ችግሩ ያለቀ የአስፋልት ጎማ ነው። ጥሩ ኤቲ፣ ማለትም ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የተሠራ ጎማ፣ ከዚያም ንፋሱን እንደመንገዱ መቀነስ፣ ከ27 ሚሊ ሜትር ቁመት የበለጠ ይሠራል። ከደብረ ብርሃን እስከ ሐዋሳ አስፋልት ላይ የሚመላለስ፣ በወር አንዴ ገጠር የሚገባ ሰው ሌላ አያስፈልገውም። ፍጥነት መለኪያው አይዛባም። ትርፍ ጎማው ቦታው ላይ ይገባል። ፕላስቲክ አይቆረጥም።

ሁለተኛው 265/70/17 ነው። ነገሩን ሳላጓትት ልናገር፣ ሁለት ኢንች ከፍ ላለ ሃይሉክስ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። ስፋቱ ከፋብሪካው ጋር እኩል ስለሆነ ወደ ውስጥ አፐር አርሙን (የፊት ጎማውን ከላይ የሚይዘውን ክንድ) አይነካም፣ ወደ ውጭም አይወጣም። የፋብሪካው ቸርኬ ላይ ይገባል። ቁመቱ የሚጨምረው ከ3 በመቶ ትንሽ በላይ ነው፤ ሞተሩ ብዙም አይሰማውም። አብዛኛውን ጊዜ ያለ ምንም መቁረጥ ይገባል። የመኪና ፍጥነት መለኪያዎች ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጡ ከእውነተኛው ትንሽ ከፍ አድርገው ነው የሚያሳዩት። ስለዚህ በዚህ ጎማ መለኪያው እንዲያውም ወደ እውነቱ ይጠጋል። ደካማ ጎኑ ቀላል ነው፦ ጎረቤት አያስተውለውም። «ጎማ ቀየርክ እንዴ?» የሚል ሰው ካገኛችሁ ዕድለኛ ናችሁ።

ሦስተኛው 285/70/17። እኔ የተቃጠልኩበት። በትክክል ሲሠራ ግሩም ጎማ ነው፣ አልክድም። አፋር ውስጥ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ፣ ወይም ኦሞ ሸለቆ የደረቀ ወንዝ አሸዋ ላይ፣ ሰፊና ረጅም ጎማ ልዩነቱ ያስታውቃል። ንፋስ ስትቀንሱለት አሸዋ ላይ ይተኛል፣ መኪናው አይሰምጥም። ግን ሁለት ኢንች ሊፍት ብቻውን አይበቃውም። የፊት ፓራፋንጎ የኋላ ጥግ ላይ ያለው ፕላስቲክ በሙቀት ተገፍቶ ወደ ኋላ መሄድ አለበት። የጭቃ ላስቲኩ መቆረጥ ወይም መነሳት አለበት። ከፕላስቲኩ ጀርባ ያለው የቆርቆሮ መገጣጠሚያ ጠርዝ አንዳንዴ በመዶሻ መታጠፍ አለበት። አላይመንት የሚሠራው ሰው ጎማውን ወደ ፊት እንዲያስጠጋው፣ ማለትም ካስተሩን እንዲጨምር፣ መጠየቅ አለበት። ማቆሚያውን ጎሚኒ ማስረዘምም አንዱ መላ ነው፤ ያኔ ግን ሞላው የሚጫወትበት ቦታ ያጥራል፣ መኪናው ይደርቃል። ይህን ሁሉ ለማድረግ ፈቃደኛ ከሆናችሁ ግቡበት። ካልሆናችሁ አትንኩት።

በነገራችን ላይ ክረምት ላይ ለዋልካ 285ን የሚመርጥ ሰው ይገርመኛል። ጥቁር አፈር እንደ አሸዋ አይደለም። ይጣበቃል። ጎማው ሦስት አራቴ ሲዞር ጥርሱ ይሞላና እንቁላል የመሰለ ለስላሳ ኳስ ይሆናል። ሰፊው ጎማ ከላይ ይንሸራተታል፤ ቀጭኑ ግን ሰርስሮ ከሥር ያለውን ጠንካራ መሬት ይፈልጋል። ሌላም አለ። ትልቁ ጎማ ፓራፋንጎውን ስለሚሞላው ዋልካው የሚወድቅበት ክፍተት አይኖርም። በጎማውና በፕላስቲኩ መካከል ይጠቀጠቃል። ከዚያ ወርዶ በእንጨት መጎርጎር ነው። ያውም በዝናብ።

ይህ ወደ አራተኛው ምርጫ ይወስደኛል፣ ማንም ወደማይጠቅሰው። ሰባት ሃምሳ። 7.50-16፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ የሥራ ጎማ። ስፋቱ 215 አካባቢ፣ ቁመቱ ግን ከ265/70/17 ጋር እኩል ነው። ዋልካ ይሰረስራል። ድንጋይ ላይ ጎኑ ጠንካራ ነው። ፓራፋንጎ ውስጥ ቦታ አያጣብብም። ትልቁ ጥቅሙ ግን ጎማው ራሱ አይደለም፣ ገበያው ነው። ኤንፒአር አይሱዙም፣ ብዙ የሥራ ላንድክሩዘርም የሚሄዱበት መጠን ስለሆነ ጂንካም ሆነ መተማ ጎማው ቢፈነዳ የምትገዙት አታጡም። ካላማዳሪውን የትኛውም የገጠር ጎሚስታ በእጁ ፈትቶ ይለጥፍላችኋል። ከአዲስ አበባ ርቆ ለሚሠራ ሰው ይህ ከመልክ ሁሉ ይበልጣል።

ችግሮቹንም ልንገራችሁ። 16 ኢንች ቸርኬ ያስፈልጋል። ቪጎ በአንዳንድ ሞዴሎቹ ከፋብሪካ 16 ብረት ቸርኬ ይዞ ስለሚመጣ እሱን መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። ሪቮ ላይ ግን የፊት ፍሬኑ 16 ቸርኬ ውስጥ መግባቱን ሳትለኩ አትግዙ። የላንድክሩዘር 79 ቸርኬ ይሆናል ብላችሁም እንዳትሞኙ። ከ1999 ወዲህ ያለው ባለ አምስት ቀዳዳ ነው፣ የሃይሉክስ ባለ ስድስት። የኤንፒአሩም ስድስት ቀዳዳ ቢኖረው የቀዳዳዎቹ ርቀት ጨርሶ ሌላ ነው። ከዚያ ደግሞ አስፋልት ላይ ሰባት ሃምሳ አያስደስትም። ያለ ጭነት ይነጥራል። ዝናብ ላይ ፍሬን ስትይዙ መሬት የሚነካው ቦታ ጠባብ መሆኑን ታስታውሳላችሁ። ጎኑ ላይ የተጻፈው የፍጥነት ምልክትም ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ነው። ለአዳማ ፈጣን መንገድ የተሠራ ጎማ አይደለም።

ስለ ጥርስ ብዙ አልልም። ኤምቲ፣ ማለትም የጭቃ ጎማ፣ ጭቃ ውስጥ ንጉሥ ነው። አስፋልት ላይ እንደ ንብ ቀፎ ይጮኻል፣ ቶሎ ያልቃል፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ዘግይቶ ይቆማል። ከመንገዳችሁ ከግማሽ በላዩ ጭቃ ካልሆነ ኤቲ ይበቃል። ብዙ ሰው ኤምቲ ገዝቶ ከአንድ ዓመት በኋላ በረባሶ ሠሪ ብቻ ነው የሚጠቀምበት።

ፕላይ የሚለው ላይ ግን ቆም በሉ። «አሥር ፕላይ ነው፣ አይበሳም» ሲሏችሁ ደስ ይላል። እውነት ነው፣ ድንጋይ ላይ ይጠነክራል። ከመጠኑ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ። 112 ከሆነ አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ይሸከማል። 121 ከሆነ 1,450። ለሃይሉክስ 112 ከበቂ በላይ ነው። ያ ተጨማሪ ጥንካሬ የሚመጣው በክብደትና በድርቀት ነው። ባዶ ካሶኒ ይዛችሁ ከተማ ውስጥ ለምትሄዱ፣ ወገባችሁ ይነግራችኋል። ጭነት ለሚጭንና ድንጋይ ለሚበዛበት ግን አሥር ፕላዩ ትክክል ነው።

ጎማ ሻጩ ዘንድ ስትሄዱ ደግሞ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት የመጨረሻ ቁጥሮች አንብቡ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። መጋዘን ውስጥ አምስት ስድስት ዓመት የተቀመጠ «አዲስ» ጎማ አዲስ አይደለም፣ ጥርሱ ቢያብረቀርቅም።

ቸርኬ መቀየር የሚያምራችሁም ካላችሁ አንድ ነገር ልበል። የፋብሪካው 17 ቸርኬ ኦፍሴቱ፣ ማለትም የሚታሰርበት ፊት ከቸርኬው መሐል የሚርቅበት ልክ፣ 30 ሚሊ ሜትር ነው። ገበያ ላይ «ወጣ ያለ» እየተባለ የሚሸጠው ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ነው። ዜሮው ጎማውን በየጎኑ 30 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ያወጣዋል። መልኩ ያስደነግጣል፣ እውነት ነው። ግን መሪ ሲዞር ጎማው የሚሠራው ቅስት ይሰፋል፣ ስለዚህ ያልነካው ሁሉ መንካት ይጀምራል። ጎማው ድንጋይ ሲመታ መሪው እጃችሁን ይመታል። ኩሽኔታና ቴስቲኒ (የመሪ ዘንግ መጋጠሚያ) ቶሎ ያልቃሉ። ጭቃው ደግሞ በሩ ላይ፣ መስተዋቱ ላይ፣ እናንተ ላይ ይረጫል። ለ265/70 የፋብሪካውን ቸርኬ አትንኩ። ለ285 ከፋብሪካው ብዙም ያልራቀ፣ 20 አካባቢ ያለ ፈልጉ።

ትርፍ ጎማውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሃይሉክስ አራት ጎማ ብቻ አይደለም፣ አምስት ነው። አራቱን 285 አድርጋችሁ አምስተኛውን የድሮውን ከተዋችሁ፣ በተነፈሰ ቀን ሁለት የተለያየ ቁመት ያላቸው ጎማዎች ይኖሯችኋል። ኋላ ላይ ከሆነ ዲፈረንሻሉ ያለ ማቋረጥ ይሠራል። አራቱም ጎማ እንዲነዳ ማርሹን (ፎር ዊል) ካስገባችሁ ደግሞ የከፋ ነው። ሃይሉክስ መሐል ላይ ዲፈረንሻል ስለሌለው ፊትና ኋላ እኩል ካልዞሩ ጠንካራ መሬት ላይ ውስጡ ይታነቃል። ትርፍ ጎማው ደግሞ ከካሶኒው ሥር በሰንሰለት ነው የሚሰቀለው። 265/70 ይገባል። 285 ጥብቅ ስለሚል ከመግዛታችሁ በፊት ለኩት።

በይነመረብ ላይ የምታዩትን ምክርም በጥንቃቄ ውሰዱ። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁ ስለ ታኮማ የሚልኩላችሁ ቪዲዮ ሁሉ ለሃይሉክስ አይሆንም። ሁለቱም ቶዮታ ናቸው፣ ግን ከ1995 ጀምሮ የተለያዩ መኪናዎች ናቸው፤ የታኮማ ፓራፋንጎ የሃይሉክስ አይደለም። አውስትራሊያዎቹ ሃይሉክስ አላቸው፣ ምክራቸውም ጥሩ ነው። ብቻ መንገዳቸው በአብዛኛው ሜዳና ዝቅተኛ ቦታ ነው። እነሱ «ሞተሩ አይሰማውም» ሲሉ እንጦጦን አልወጡም።

ስለ ንፋስ አንድ ደስ የሚል ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ላይ ጠዋት በ20 ዲግሪ 35 ፒኤስአይ ሞልታችሁ ወደ አፋር ብትወርዱ ምን ይሆናል? ከባሕር ጠለል አካባቢ ስትደርሱ የውጭው አየር ስለሚከብድ መለኪያው ወደ 31 ይወርዳል። ግን እዚያ 40 ዲግሪ ነው፣ ሙቀቱ ጎማው ውስጥ ያለውን አየር ይነፋዋል። መልሶ ወደ 34 ያመጣዋል። ከፍታው የወሰደውን ሙቀቱ መለሰው ማለት ነው። ስለዚህ እዚያ ደርሳችሁ ቀን ላይ ለክታችሁ ንፋስ አትጨምሩ አትቀንሱ። ጠዋት፣ ጎማው ሳይነዳ ለኩ። አሸዋ ውስጥ ስትገቡ ግን እስከ 20 እና 18 ድረስ ቀንሱ፣ በዝግታ ንዱ፣ ስትወጡ መልሳችሁ ሙሉ። ኮምፕረሰር ሳይዙ ንፋስ መቀነስ አይደረግም።

ከገጠማችሁ በኋላ የቆጣሪውን ነገር አትርሱ። በ285 መለኪያው 100 ሲል እናንተ እስከ 107 እየሄዳችሁ ሊሆን ይችላል። የፍጥነት ራዳር «ጎማ ቀይሬ ነው» አይሰማም። የተጓዛችሁት ኪሎ ሜትርም ከሚታየው ይበልጣል። ዘይት በ5,000 የምትቀይሩ ከሆነ እውነተኛው 5,350 ነው። የነዳጁ ሂሳብም ይዛባል። በቆጣሪው 100 ኪሎ ሜትር 11 ሊትር ናፍጣ ከበላ፣ እውነተኛው መንገድ 107 ስለሆነ ፍጆታው ከ100 ኪሎ ሜትር 10.3 ሊትር ነው። ብዙ ሰው «ጎማው ነዳጅ ጨረሰብኝ» የሚለው ግማሹ የቆጣሪው ነው። ግማሹ ግን እውነት ነው።

በመጨረሻ ፈተናው፣ እኔ ያላደረግኩት። አምስት ጎማ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ብቻ አስገጥሙ። ሻጩ እሺ ካላለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ፣ ወይም የጓደኛችሁን ተዋሱ። ቀኝ የፊት ጎማ ላይ አድርጉት። ከዚያ ያንን ጎማና ግራውን የኋላ ጎማ ድንጋይ ወይም ወፍራም እንጨት ላይ አውጡ፣ መኪናው በሰያፍ እስኪጣመም ድረስ። ሞላው ተጨምቆ ጎሚኒው ላይ መድረሱን በባትሪ እዩ። አሁን መሪውን እስከ መጨረሻ ወደ ሁለቱም ጎን አዙሩ። ረዳት ቢኖር ጥሩ ነው፣ እጁን ግን እዚያ ውስጥ አያስገባ፤ ካርቶን ቆርጦ ይለካ። የትም ቢሆን ሁለት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ካለ ጥሩ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ጭቃ ሲጠቀጠቅበት ይነካል። ከዚያ ወደ ግራው ጎማ ቀይራችሁ ድገሙት፣ ሁለቱ ጎን ሁልጊዜ እኩል አይደለም።

ሲያልቅ አላይመንትና ባላንስ አሠሩ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ዳዶዎቹን ደግማችሁ አጥብቁ፣ አዲስ ቸርኬ ከሆነ በተለይ።

እኔ 285ቶቹን አራት ኢንች ከፍ ያለ መኪና ላለው ሰው ሸጥኳቸው። አፐር አርሙን ጭምር ቀይሯል፣ እንግዲህ ይሁንለት። አሁን በ265/70 ነው የምሄደው፣ ኤቲ፣ በፋብሪካው ቸርኬ። ባለፈው ክረምት ከጎባ ወደ ሳነቴ ወጥቼ በሐረና ጫካ ወርጃለሁ፣ ምንም አልነካም። የተቦጨቀውን የጭቃ ላስቲክ ግን እስካሁን አልቀየርኩትም።